በሬዲዮ ይቅር ስባል

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቴር ባለፈው የካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የዲላ ሰው ሁሉ ለምሳ በተቀመጠበት ሰዓት፣ በሬዲዮ ይቅር አለችኝ።

ልብ በሉ፣ ሰደበችኝ አላልኩም። ብትሰድበኝ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እኔም መልሼ እሰድባት ነበር፤ ሁለታችንም ቀለል ብሎን ወደየሥራችን እንገባ ነበር። ይቺ ሴት ግን ይቅር አለችኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነሰፈሬ ጠርታ፣ «ብትበድለኝም ለምወዳት ጎረቤቴ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ በሉልኝ፤ ይህንንም ዘፈን ጋብዙልኝ» አለች። ከዚያ አንድ አልቃሻ ወጣት ብቅ ብሎ በእኔ ስም ሲያለቅስ ቆየ። ስሜን እዚህ አልደግመውም። አንዴ በአየር ላይ መዋሉ ይበቃዋል።

እኔ ያን ጊዜ ሬዲዮ አልነበረኝም። የሰማሁት ከራሷ ሬዲዮ ነው። አስቴር ሬዲዮዋን አቮካዶ ዛፏ ላይ ሰቅላ ለሰፈሩ በሙሉ የምታሰማ ሴት ናት። ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር፤ ስሜን ስሰማ መጀመሪያ የሞትኩ መሰለኝ። በእኛ አገር ካልተሾመ ወይም ካልሞተ በቀር የሰው ስም በሬዲዮ አይጠራም፤ ሹመቱን ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጠበቅ ትቻለሁ።

በደሌን ልንገራችሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት እናቴ ቡሌ ላይ አረፈች። ቡሌ ደጋ ነው፤ መንገዱ መኪናም ሰውም እኩል ያደክማል። ወጥቼ እናቴን ቀብሬ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ስመለስ፣ በእኔና በአስቴር ግቢ መካከል የነበረው አጥር ወደ እኔ ተራምዶ አገኘሁት። አጥር እግር የለውም ትሉኝ ይሆናል። የአስቴር አጥር አለው። እናቴ በሕይወቷ ሳለች ከቡሌ ተሸክማ ካመጣችልኝ ችግኝ ያሳደግኳቸው እንሰቶች በሙሉ ወደ እሷ ግቢ አልፈዋል።

«ምነው አስቴር?» አልኳት።

«ምን ሆንሽ? ድሮም እዚሁ ነበር። ሐዘኑ አዙሮብሽ ነው፤ ግቢና ትንሽ ተኚ» አለችኝ።

ገብቼ ተኛሁ። ስነሣ አጥሩ እዚያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኳትም። በደሌ ይኸው ነው፤ አለማናገሬ።

ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልመጣላት ይቅርታ በየካቲት ምን አመጣው? ቀበሌው የይዞታ ልኬት አለ ብሎ የለፈፈው በዚያው ሳምንት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ለኪዎች ይመጣሉ፤ አዋሳኞችና ሽማግሌዎች ቆመው ድንበሩን ያሳያሉ፤ ችካል ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ ያን ችካል የሚነቅለው የለም። ወዲያው ገባኝ። በእኛ ሰፈር ይቅር የተባለ ሰው ዝም ካለ በደሉን አምኗል፣ ነገሩም አልቋል ማለት ነው። የታረቀ ሰው ደግሞ ድንበር አይጠይቅም፤ ነውር ነው። አስቴር አጥሩን አንዴ በእጇ አሻግራዋለች። አሁን በዘፈን ልታጸድቀው ነው።

በማግስቱ አቶ ጂግሶ መጡ። አቶ ጂግሶ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ በልኬቱ ቀን የእኔንና የእሷን ድንበር የሚያሳዩትም እሳቸው ናቸው።

«እንኳን ደስ አለሽ መምህርት! ታረቃችሁ አሉ!» አሉኝ ገና ከበሩ።

«ማን አለ?»

«ሬዲዮው ነዋ።»

«አቶ ጂግሶ፣ ሽማግሌ ያልተቀመጠበት ዕርቅ አለ እንዴ? እርስዎ የት ነበሩ?»

«ምሳ ላይ ነበርኩ። ሰምቻለሁ። ጥሩ ዘፈን ነው።»

«አጥሩስ? ሳትገፋው በፊት የት እንደነበር ያውቃሉ አይደል?»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ደመና እንኳን አልነበረበትም። «ኧረ መምህርት፣ ስንት ዘመኑ! አሁን ያንን ማን ያስታውሳል? ደግሞ ከታረቃችሁ በኋላ...»

ከባንኮ ጎቲቲ የአስቴር ዘመዶች እየደወሉ መረቁኝ። ቡናቸውን ሲለቅሙ፣ ልጅ ሲድሩ ትዝ ብያቸው የማላውቅ ሰዎች ናቸው። ወደ ገበያ ስወርድ ደግሞ የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ ደጋግሞ ካየኝ በኋላ፣ «ቲቸር፣ ያቺ ይቅር የተባለችው እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ።

«ነኝ።»

«እግዚኦ! ምን አድርገዋት ነው ግን?»

አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መልሴን ለመስማት ከጆሯቸው ላይ ማዳመጫቸውን አወረዱ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። በሬዲዮ የመጣ በሬዲዮ ይመለሳል አልኩ። ለልኬቱ የቀረኝ አንድ ወር ተኩል ብቻ ነበር።

ጣቢያው ደወልኩ። የምሳ ሰዓቱን ፕሮግራም የሚመራው ኪሩቤል የሚባል ከሐዋሳ የመጣ ልጅ ነው፤ ራሱን ኪሩ ይላል። ድምፁ ቅቤ ነው። የሚናገረውን ከመስማቴ በፊት ልስማማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ማዘርዬ፣ እንዴት ልርዳዎት?»

«ይቅርታውን አልተቀበልኩም ብለህ ተናገርልኝ።»

«ማዘርዬ፣ የእኛ ፕሮግራም የዘፈን ግብዣ ነው። ያለ ዘፈን መልእክት አናስተላልፍም።»

«እንግዲያው የሚሰድብ ዘፈን አግኝልኝ።»

ሳቀ። «የሚሰድብ የለንም። የሚናፍቅ አለን፣ የሚያፈቅር አለን፣ የሚያስጨፍር አለን።»

«ከድሮዎቹ ፈልግልኝ።»

«ትኩስ ብቻ ነው ማዘርዬ። ዘንድሮ ያልወጣ አናጫውትም።»

ይህን ብሎ መልካም ቀን ይዋሉ አለኝና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ እንዳለኝም እየዋልኩ አይደለም።

ገበያ ወርጄ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዘፈን ማድመጥ ሥራዬ ሆነ። ዕድሜ ልኬን የልጆች ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መጥፎ ጽሑፍ አያስደነግጠኝም። ይሄ ግን አስደነገጠኝ።

የዘንድሮ ዘፋኝ ገና ሲጀምር የራሱን ስም ይጠራል። ቀጥሎ ያቀናበረለትን ሰው ስም ይጠራል። መሀል ላይ ደርሶም እንዳንረሳው ስሙን ይደግማል። ስሙን አስታውሰዋለሁ፤ ዘፈኑን ነው የረሳሁት። ድምፃቸውን ደግሞ የሆነ ማሽን ውስጥ አሳልፈው ነው የሚያወጡት፤ ወንዱም ሴቱም ባዶ በርሜል ውስጥ ወድቆ የድረሱልኝ ጥሪ የሚያሰማ ይመስላል። ሴቲቱ ደግሞ ማር ናት፣ ወለላ ናት፣ ስኳር ናት፣ ከረሜላ ናት። አንዱ «ቸኮሌቴ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሐኪሜ ምን እያደመጥኩ እንደምውል ቢያውቅ ሬዲዮዋን ይቀማኝ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ይወደዳል? ብዙ አስቤበታለሁ፤ በባጃጅ ስሄድም ደርሼበታለሁ። የዛሬ ዘፈን የተሰፋው ለባጃጅ መንገድ ነው። ከመናኸሪያ ተሳፍረህ ገበያው ጋ ብትወርድ ዘፈኑ ምንም አልጎደለብህም፤ ገበያው ጋ ተሳፍረህ አስፋልቱን ይዘህ እስከ ዩኒቨርሲቲው ብትሄድም ምንም አልተጨመረልህም። አንድ ቃል ይዞ እሱኑ ይመላለስበታል። ሬዲዮም የሚወደው ለዚህ ነው። የትም ቢቆርጡት አይደማም። ማስታወቂያ ቢያስገቡበት አይቆጣም። ጋዜጠኛው በላዩ ላይ ቢያወራበት ይቅርታ አያስጠይቅም። እንዲህ ያለ ታዛዥ ዘፈን በእኛ ጊዜ አልነበረም። በእኛ ጊዜ ዘፈን ሲጀምር ሰው ዝም ይላል፤ መሀል ገብቶ ያወራ ሰው ይገላመጣል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚቆጣ ዘፋኝ መጥፋቱ ነው። ሁሉም ይናፍቃል። የተከዳው ይናፍቃል፣ የተሰደበው ይናፍቃል፣ በሠርጓ ዋዜማ ጥላው የሄደችው ሰውዬ ሳይቀር ቤቷ በር ላይ ቆሞ ይናፍቃል። ይህ ሁሉ ጎልማሳ አንድ ቀን እንኳን ደሙ አይፈላም? ድሮ ዘፋኝ አንድ ስንኝ ከሸረበብህ ከሰው መሀል ተነሥተህ ትወጣ ነበር። አሁን በዘፈን ሰው መጣላት ብትፈልግ ዕቃው የለም።

እውነቱን ለመናገር አንድ የወደድኩት አለ። አንዲት ልጅ ያለ ማሽን፣ በራሷ ጉሮሮ፣ ስለ ወንዝ የዘፈነችው ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በሬዲዮ የመጣው፤ ባጃጆቹ አልያዙትም። ለማንም አልነገርኩም፤ ለእናንተም የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ይህን ሁሉ ሳደምጥ ችግር መምጣቱ አልቀረም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ የምቀመጥ ሴት ነኝ። አንድ እሑድ መባ እየተሰበሰበ ሳለ፣ «ናፍቀሽኛል ማሬ፣ ናፍቀሽኛል ነይ» የሚል ዜማ ከየት እንደመጣ ስፈልግ ከራሴ አፍንጫ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት እህት ታደለች፣ የኅብረቱ መሪ፣ ሦስት ሴቶች አስከትላ ቤቴ መጣች። ሬዲዮዋን ጎመኑ ስር ደበቅኳት። ቅጠል ግን ድምፅ አይከለክልም።

«እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ ቀኑን ሙሉ ዓለማዊ ዘፈን ታደምጣለች ይሉሻል» አለች።

«የትኞቹ ጎረቤቶቼ?»

«እህት አስቴር ናት በፍቅር የነገረችን። በጣም ተጨንቃልሻለች።»

«ለሥራ ነው የማደምጠው።»

«ለምን ሥራ?»

«ሰው የሚሰድብ ዘፈን እየፈለግኩ ነው» ልላት አልችልም። ስለዚህ ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ረዘም አለ። መሀል ላይ ከጎመኑ ስር አንዱ ስሙን ጠራ፣ ቀጥሎ የአቀናባሪውን ስም ጠራ፤ እነሱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ሬዲዮዋን ግን አልዘጋኋትም። ጽናት ዋጋ አለው፤ በመጨረሻ አገኘሁት። ለካ ያ «ናፍቀሽኛል ማሬ» የሚለው ዘፈን መጨረሻው ላይ፣ ባጃጅ የማይደርስበት ቦታ፣ አንድ የተቆጣ ስንኝ ደብቋል። ዘፋኙ በልቡ አጥር ስለገባች ሴት ነው የሚናገረው፤ እኔ ግን ለራሴ አጥር ወሰድኩት።

«እኔ በሌለሁበት የነቀልሽው አጥሬ፣
ይጠይቅሻል ነገ ባይጠይቅሽ ዛሬ።»

ይህን ስሰማ ቆሜ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ወዲያው ደወልኩና ኪሩ አየር ላይ አስገባኝ። ያዘጋጀሁትን በመምህርት ድምፅ ተናገርኩ፦ «ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አስቴር። መልእክትሽ ደርሶኛል። መልሴ በዚህ ዘፈን መጨረሻ ላይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አድምጪ።»

«ዋው! ልብ ይነካል ማዘርዬ!» አለ ኪሩ፤ ዘፈኑንም ለቀቀው። ናፍቀሽኛል ማሬ አለ። ናፍቀሽኛል ነይ አለ። እንደገና ናፈቀ። አጥሩ ስር ሄጄ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ፣ ልክ ስንኙ አፋፍ ላይ ሲደርስ ዘፈኑ ተቆረጠና የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

እንዲህ ሆኖ ለአስቴር የሰጠሁት መልስ፣ መላው ዲላ እንደሰማው፣ በጣም እንደናፈቀችኝና ሳሙናው አረፋው ብዙ መሆኑን የሚገልጽ ሆነ።

እልልታ ሰማሁ። ከአጥሩ ማዶ ነው። አስቴር ሮጣ መጥታ በአጥሩ ክፍተት እጇን ሰደደችልኝ። «እኔም ናፍቀሽኛል! እኔም!» አለች፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ሳሙናዋ ግን ምን ማለት ናት? ነገሩ ታጥቦ አለቀ ማለትሽ ነው አይደል? ገብቶኛል» አለችኝና ጠቀሰችኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ መልስ ለሌላቸው ልጆች ዜሮ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ለራሴ ሰጠሁ። አቶ ጂግሶ ማታውን በበሬ ሲያልፉ ቆብ አንሥተው፣ «አሁንማ ሁለታችሁም ተናገራችሁ» አሉኝ። ድንበሬ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ በመጀመሪያው እኔ ቡሌ ነበርኩ፣ በሁለተኛው ግን ስልኩን የያዝኩት እኔው ነኝ።

ፋሲካ አለፈ። የለኪዎቹ ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው አስቴር የሰፈሩን ሴቶች እንሰት እንዲፍቁላት ጠራቻቸው። የቆረጠችው የትኛውን እንሰት መሰላችሁ? የእናቴን ነዋ። ለኪው ሲመጣ የሚያየው በእሷ እጅ የተቆረጠ፣ በጎረቤት የተፋቀ፣ ማንም ያልተቃወመበት የእሷ እንሰት እንዲሆን ነው። እኔንም ጠርታኛለች። «ዛሬማ የእኛ የዕርቅ ቀን ነው፤ ነይና ከፊት ተቀመጪ» ብላ ልካብኛለች። ወገቤን አሞኛል አልኩ። ወገቤ ጤነኛ ነበር።

አጥሩ ስር በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩ። በክፍተቱ ሁሉም ይታየኛል። ሴቶቹ የእንሰቱን ልጥ ጣውላ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ይዘው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቃሉ። ከመካከላቸው የአቶ ጂግሶ ሚስት ወይዘሮ ዘነበች አለች። ወንዶች ወደ መፋቂያው ስለማይጠጉ አቶ ጂግሶና ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሩ አካባቢ ተቀምጠዋል። ሬዲዮው አቮካዶው ላይ ይጮኻል። ማሬ ይላል፣ ወለላዬ ይላል። ሴቶቹ ሊፍቁበት ይሞክራሉ፤ አይሆንም። አንዷ ስትቀድም ሌላዋ ስትዘገይ፣ ቀርከሃ ከቀርከሃ ሲጋጭ አየሁ። በዚያ ዘፈን እንሰት አይፋቅም።

ለእንሰት የራሱ ዘፈን አለው። በእኛው በጌዴኦዎች ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ነው፤ እናቶቻችን ሲፍቁ የሚዘፍኑት። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «አይተናል» እያሉ ይቀበላሉ። ዝናብ መጣ ስትል አይተናል ይላሉ፤ ላሚቱ ወለደች ስትል አይተናል ይላሉ። ግጥሙ የአውጪዋ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ትጨምርበታለች። አይተናል የምትለው ግን ያላየችውን አይተናል አትልም፤ ካላየች ዝም ትላለች፣ እጇም ይቆማል።

ይህ ሲታሰበኝ ስልኬን አነሣሁ።

«ማዘርዬ!» አለ ኪሩ። «እንደገና ናፈቀችዎት እንዴ? አየር ላይ ነዎት!»

«አዲስ ዘፈን ልጋብዝ ነው።»

«የማንን?»

«የእኔን። ገና ዛሬ የወጣ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትኩስ የለህም።»

«ማዘርዬ ይዘፍናሉ?» ሳቁን መግታት አቃተው። «እስቲ ይሞክሩና እንስማዎት! ሬዲዮዎን ብቻ ይዝጉልኝ፣ ያስተጋባል።»

«የእኔ ዝግ ነው። የሚያስተጋባው የጎረቤቴ ነው።»

ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ማሽን የለኝም። በጌዴኡፋ ነው የዘፈንኩት፤ በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው።

«እናቴ እንሰት ተሸክማ ከቡሌ ወረደች» አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ ሬዲዮው ድምፄን አወጣው። ሴቶቹ ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸው ከምቱ ጋር ወረደ፤ ቀርከሃው ሁሉ በአንድ ላይ። «አይተናል» አሉ።

«ከዚህ ከአቮካዶው ማዶ፣ በግቢዬ ተከለችው።»

«አይተናል።»

«እናቴ ሞተች፣ ልቀብራት ወጣሁ።»

«አይተናል» አሉ፤ አንዷ ሴት ድምፅዋ ሰለለ። ለቅሶ ቡሌ ድረስ ወጥታ የደረሰችኝ ናት።

«በሐዘኔ መሀል አጥሬ ተነቀለ።»

ቀርከሃው ሁሉ ቆመ። ዝም አሉ። አስቴር በእጇ ልጥ እንደያዘች ወደ ሬዲዮው ስትሮጥ አየሁ፤ ግን አቮካዶው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቅላዋለች፣ ቁመቷ አልደረሰም። ኪሩ በስልኩ ውስጥ ምንም አልገባውም፤ «ባህላዊ ነው! ደስ ይላል!» ይላል። እኔ አልቀጠልኩም። የሚቀበል ከሌለ አይቀጠልም። ያን ያህል ዝምታ በሬዲዮ ተሰምቶ አያውቅም። እንሰቶቼን፣ እናቴን፣ ነገ ጠዋት የሚመታውን ችካል እያሰብኩ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ቀርከሃዋን አነሣች። በሩ ላይ የተቀመጡትን ባሏን አየቻቸው።

«አይተናል» አለች፤ ብቻዋን።

ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ግርግዳው ላይ የተደገፉት የአስቴር አማት እማማ በቀለች፣ ጆሯቸው የከበደ ባልቴት፣ ሌሎቹ ሲቀበሉ አይተው እሳቸውም በከፍተኛ ድምፅ ተቀበሉ፤ እንዲያውም ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ኪሩ «አድማጮቻችን፣ ከዚህ በኋላ ወደ...» ሲል ስልኩን እኔ ዘጋሁበት።

በማግስቱ ለኪዎቹ ሜትራቸውን ይዘው መጡ። አስቴር አጥሩ ስር ቆማ፣ «ድንበራችን ይኸው፤ ታርቀናልም» አለች። ለኪው ወደ አቶ ጂግሶ ዞረ። አቶ ጂግሶ ትንሽ አሳላቸው።

«ከአቮካዶው ማዶ ነው ድንበሩ» አሉ። «እንሰቶቹ የመምህርት ናቸው።»

«አቶ ጂግሶ!» አለች አስቴር። «አላስታውስም ብለው አልነበር?»

«እኔ ረስቼ ነበር። ቤቴ ግን አልረሳም» አሉ፤ ሚስታቸው ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«በዘፈን ድንበር ይለካል እንዴ?»

ለኪው ችካሉን አነሣ። ችካሉ ሲመታ ድምፁን ቆሜ አደመጥኩ፤ ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ እሱን ነው የወደድኩት።

በዋዜማው የተፋቀው እንሰት የእኔ ስለነበር ሴቶቹ ወደ ግቢዬ አሻገሩት። ቡላውን ለፋቁት ሁሉ አካፈልኩ፤ ለወይዘሮ ዘነበች ጨምሬ ሰጠኋት፤ ለእማማ በቀለችም ላክሁላቸው። ለአስቴር አልሰጠኋትም። በሳምንቱ አሮጌውን አጥር ነቅዬ፣ ችካሉን ተከትዬ በአዲስ ቀርከሃ አጠርኩ። በመካከላችን በር አልተውኩም።